በቤኔዲክቶስ ሥርዓት አብሮ መጸለይ፦ ከተለያየ ቤተ ክርስቲያን ለመጡ ሰዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ከማዲሰን ከተማ አጠገብ በሚድልተን፣ ሆሊ ዊዝደም የሚባል ገዳም አለ። ቀድሞ የካቶሊክ ቤኔዲክታውያት እኅቶች ገዳም ነበር። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ከተለያየ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ሴቶች በአንድ ደንብ የሚኖሩበት ኢኩሜኒካዊ ማኅበር ነው። እንዲህ ያለውን ማኅበር አንድ ላይ የሚይዘው ዋናው ነገር በቀኑ ውስጥ በታወቀ ሰዓት ተሰብስቦ ዳዊት መድገም ነው። ዳዊት የማይቀበል ቤተ ክርስቲያን የለምና ሁሉም በራሱ አፍ፣ ሳይሸማቀቅ ሊጸልየው ይችላል።

ይህ መመሪያ ያንኑ ሥርዓት ከ6 እስከ 12 ሰው ሆነው ለመጀመር ለሚፈልጉ ነው፤ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና ወንጌላዊው በአንድ ቤት ወይም በአንድ ሰፈር ለሚገኙበት ኅብረት። ቅዱስ ቁርባን እዚህ ውስጥ አይገባም። እያንዳንዱ በየቤተ ክርስቲያኑ ይቀበላል። የጋራ የሆነው የሰዓታቱ ጸሎት ነው፤ ገና ከመጀመሪያው ይህን በግልጽ ተነጋግሮ መለየት ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

ሰዓቱን መምረጥ

ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በ6ኛው መቶ ዘመን ለመነኮሳት በጻፈው ባለ 73 ምዕራፍ ደንብ፣ ምዕራፍ 16 ላይ በቀን ሰባት ጊዜ፣ በሌሊትም አንድ ጊዜ እንዲጸለይ ያዛል። ምክንያቱን የሚጠቅሰው ከመዝሙር 118 ነው፦ በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ ከሚለው። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት እያለ ያደገ የአገራችን ሰው ይህ አይገርመውም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሠርክን (የማታውን ጸሎት) ብቻ ያዙ፤ በሳምንት ከአምስት እስከ ስድስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ። ሥራ ላይ የዋለ ሰው ሳይጣደፍ የሚደርስበትን ሰዓት ቁረጡና ከዚያ ወዲያ አታንቀሳቅሱት። ሠርክ ሲጸና ንዋምን (የመኝታውን ጸሎት) ጨምሩ፤ ከ12 ደቂቃ አይበልጥም። መዝሙሮቹም በየቀኑ ያው 4፣ 90 እና 133 ስለሆኑ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በቃል ይያዛሉ፤ መብራት አጥፍቶ መድገም ይቻላል። «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል»ን (መዝሙር 90ን) ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው ካለ ንዋምን እሱ ይምራ።

ዘግይቶ የሚመጣ ሁልጊዜ ይኖራል። ደንቡ ለዚህ ያበጀው መላ ዛሬም ይሠራል፦ የሌሊቱ ጸሎት መክፈቻ የሆነው መዝሙር 94 ቀስ ተብሎ፣ እየተጎተተ ይባላል፤ የዘገየው እስኪደርስ። እናንተም የመጀመሪያውን መዝሙር ቀስ አድርጉ እንጂ መነሻውን ሰዓት አትግፉ። አንድ ቀን አምስት ደቂቃ የጠበቀ ማኅበር በወሩ ሃያ ደቂቃ መጠበቁ አይቀርም።

ዳዊቱን ማሰናዳት

በመጀመሪያው ምሽት የሚያጋጥመው ትርምስ ከቁጥር ይመጣል። መሪው «መዝሙር 22» ሲል ግማሹ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው»ን ይገልጣል፣ ግማሹ «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ»ን። የግዕዙና የአማርኛው ዳዊት የሰባ ሊቃናትን (የጥንቱን የግሪክ ትርጉም) አቆጣጠር ይከተላሉ፤ የቤኔዲክቶስ ደንብም እንዲሁ። አዲሱ መደበኛ ትርጉምና አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ደግሞ የዕብራይስጡን ይከተላሉ። ከ1 እስከ 8 እና ከ148 እስከ 150 ሁለቱ አንድ ናቸው። የዳዊቱ 9 በዕብራይስጡ 9 እና 10 ነው። ከ10 እስከ 112፣ እንዲሁም ከ116 እስከ 145 ባለው አንድ ጨምሩ። የዳዊቱ 113 በዚያኛው 114 እና 115 ሲሆን፣ 114 እና 115 ተደምረው 116፣ 146 እና 147 ተደምረው 147 ይሆናሉ። በዚህ መመሪያ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ የዳዊቱ ናቸው። በምትለጥፉት ዝርዝር ላይ ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት መጽሐፍ መግዛት ነው። ሁለት ትርጉም በአንድ ድምፅ ሊነበብ አይችልም።

ቀጥሎ ክፍፍሉ። ደንቡ 150ውን መዝሙር በየሳምንቱ ይጨርሳል። ምዕራፍ 18 መጨረሻ ላይ ደግሞ ይህ ክፍፍል የማይመቸው ቢኖር በሚሻለው መንገድ ያደላድለው፣ ብቻ 150ው በሳምንት ይዳረስ ይላል። የአገራችን ዳዊት ደጋሚም በየሳምንቱ ያዳርሰዋል፦ ሰኞ 1–30፣ ማክሰኞ 31–60፣ ረቡዕ 61–80፣ ሐሙስ 81–110፣ ዓርብ 111–130፣ ቅዳሜ 131–150፣ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልይ። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰበሰብ ማኅበር ይህን አይችልም። በየምሽቱ ሦስት መዝሙር፣ በሳምንት ስድስት ቀን ከያዛችሁ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሳምንት ይፈጃል፤ ደኅና ነው። ረጃጅሞቹን (17፣ 77፣ 88፣ 104፣ 105፣ 106) ለሁለት ክፈሉ። 118 ባለ ስምንት ቁጥር 22 ክፍል ስላለው፣ ለ22 ምሽት በየቀኑ አንዱን ክፍል መክፈቻ አድርጉት።

እርግማን ያለባቸውን መዝሙሮች ምን እናድርግ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው የሮማ ካቶሊክ የሰዓታት መጽሐፍ 57ን፣ 82ን እና 108ን ጨርሶ አውጥቷቸዋል። እኛ ባይወጡ እንመርጣለን። የተበደለ ሰው ቁጣውን ወደ እግዚአብሔር የሚያቀርብበት ሌላ ቋንቋ አይሰጠውምና፣ አስቀምጧቸው፤ ከእነሱ በኋላ ያለውን ዝምታ ግን እጥፍ አድርጉት።

ቦታው

ወንበሮችን በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት አቁሙ፤ በመካከል ከ2 እስከ 3 ሜትር ክፍት ይሁን። ከዚያ ከሰፋ አንዱ ወገን ሌላውን ስለማይሰማ አነባበቡ ይበተናል። በአንደኛው ጫፍ አትሮንስ፣ መጽሐፍ ቅዱስና አንድ ሻማ ይቀመጥ። ሥዕል ይሰቀል አይሰቀል የሚለው ክርክር ጸሎቱን ሳይጀመር ሊያስቀረው ይችላል፤ በጋራው ቦታ መስቀል ብቻ አኑሩ፣ በየግሉ ትንሽ ሥዕል ይዞ የሚመጣውን አትከልክሉ። ጫማ የሚያወልቅ እንዲያወልቅ በሩ አጠገብ መደርደሪያ ይኑር፣ የማያወልቀውም አይታይበት። ነጠላም እንዲሁ።

የሠርክ ጸሎት፣ በቅደም ተከተል

1. አምስት ደቂቃ ዝምታ። ስልክ ከክፍሉ ውጭ ይቀራል።
2. ሁሉም ይነሣል። መሪው ከመዝሙር 69 መጀመሪያ እግዚአብሔር ለመርዳት እንዲፈጥን የሚለምነውን ቁጥር ይላል፣ ጉባኤው ይቀበላል። «ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ምስጋና ይሁን» ይከተላል።
3. አንድ መዝሙር ወይም ዝማሬ፣ ሦስት ደቂቃ። የሁሉም አፍ የሚያውቀው ይሁን። የአንዱን ቤተ ክርስቲያን ዜማ ብቻ ሳምንቱን ሙሉ አትያዙ።
4. ሦስት መዝሙረ ዳዊት፣ ተቀምጦ፣ ሁለቱ ረድፍ እየተቀባበሉ። በእያንዳንዱ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተነሥቶ «ለአብ ለወልድ...» ይላል፤ ደንቡ ለቅድስት ሥላሴ ክብር ሲባል መነሣትን ያዛል። ከዚያ ተቀምጦ አንድ ሙሉ ደቂቃ ዝምታ።
5. ንባብ፣ ከ8 እስከ 15 ቁጥር። ከዚያ አራት ደቂቃ ዝምታ። ስብከት የለም።
6. ጸሎተ ማርያም፣ ሉቃስ 1፥46–55፣ ቆሞ። ቃሉ የወንጌል ስለሆነ ወንጌላዊውም ያለ ጭንቀት ይለዋል፤ በግዕዙ ዳዊትም ከጸሎተ ነቢያት ጋር ተጽፎ ይገኛል።
7. ምልጃ። አንድ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር፤ መመለሻው «አቤቱ ማረን»።
8. አባታችን ሆይ።
9. መዝጊያ ጸሎት። ከዚያ ሁሉም በዝምታ ይወጣል። ወሬና ቡና ከበሩ ውጭ ነው፤ ምዕራፍ 52 እንደሚለው፣ ሊጸልይ የቀረ ሰው ቢኖር እንዳይታወክ።

መሪና አንባቢ ለአንድ ሳምንት ይመደባሉ፣ እሑድ ይቀያየራሉ። አንባቢው ክፍሉን በዋዜማው ጮክ ብሎ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይለማመድ። ደንቡ ንባብን በተራ ለሁሉም ስጡ አይልም፣ ሰሚውን ሊያንጹ ለሚችሉት ስጡ ይላል። ይህን መናገር ይከብዳል፤ ግን ንባቡ ካልተሰማ አራቱ ደቂቃ ዝምታ ባዶ ነው። ማንበብ ለሚከብደው ሻማውን፣ ደወሉን፣ ምልጃውን ስጡት።

አነባበቡ

ሥርዓቱ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ለሁለት ይከፈላል፣ መካከሉ ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያህል ይታረፋል። የአማርኛው ጽሑፍ በአንድ ቁጥር ውስጥ ብዙ ነጠላ ሰረዝ ስላለው፣ የትኛው ላይ እንደሚቆም አስቀድሞ በእርሳስ ካልተለየ እያንዳንዱ በየራሱ ቦታ ይቆማል። እንዲህ ምልክት አድርጉ፦

እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ * የሚያሳጣኝም የለም።

አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ፤ * እንደ ምሕረትህም ብዛት መተላለፌን ደምስስ።

በሁለተኛው «አቤቱ» ላይ አይቆምም፣ ኮከቡ ላይ ብቻ። በቁጥሩ መጨረሻ ደግሞ አይታረፍም፤ አንዱ ረድፍ «ደምስስ» እንዳለ ሌላው ወዲያው ይቀበላል። ጀማሪዎች የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው። መካከሉን ዘልለው መጨረሻው ላይ ያርፋሉ፣ ጸሎቱም ይጎተታል። በትክክል ሲባል ሃያ ቁጥር ያለው መዝሙር ሦስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሁለት ደቂቃ ካልሞላ እየሮጣችሁ ነው፤ ከአራት ካለፈ አንቀላፍታችኋል።

ድምፅ ከፍ አይበል። ልኩ አጠገብህ ያለውን መስማት መቻልህ ነው። ጎረቤትህ የማይሰማህ ከሆነ ጨምር፣ እሱ አንተን ብቻ የሚሰማ ከሆነ ቀንስ። ከወገን ሁሉ ፈጥኖ የሚጨርስ አንድ ሰው አይጠፋም፤ በጸሎቱ መካከል አትገሥጹት። በሳምንቱ መጨረሻ ረድፉን አዛውሩና ቀስ ከምትል አንባቢ ጎን አስቀምጡት። ዜማ ለመጨመር አትቸኩሉ። በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ቃና ያለ ዜማ መድገም ሲጸና ዜማው ራሱ መንገዱን ያገኛል።

በተለያየ ልማድ መካከል የሚያደናቅፈው

«ከክፉ አድነን» ላይ በላቲን ሥርዓት ያደገው ካቶሊክ ያቆማል፤ ሌላው «መንግሥት ያንተ ናትና» ብሎ ይቀጥላል፤ ኦርቶዶክሱ «አሜን» እንዳለ ሳይተነፍስ «እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ሆይ» ይላል፣ ልማዱ ነውና። በመካከል ግማሹ ዝም፣ ግማሹ ሲናገር ይሰማል። እንዲህ ተስማሙ፦ አባታችን ሆይ «መንግሥት ያንተ ናትና» ድረስ በአንድነት ይባል፣ ከዚያ መሪው ሰላሳ ሰከንድ ዝም ይበል። በዚያ ዝምታ የፈለገ የእመቤታችንን ጸሎት፣ ሰላም ለኪን፣ በልቡ ይላል። ማንም የለመደውን አላጣም፣ ማንም ያላመነበትን አልተናገረም። ቤኔዲክቶስ አባታችን ሆይ በነግህና በሠርክ መጨረሻ ጮክ ተብሎ እንዲባል ያዘዘው በማኅበር ኑሮ የሚበቅለው የቅያሜ እሾህ እንዲነቀል ነው፤ ይቅር በለን የሚለውን ሁሉም እየሰማው ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም።

ጸሎተ ሃይማኖት አትጨምሩ። መንፈስ ቅዱስ «ከአብ» የሠረጸ ወይስ «ከአብና ከወልድ» የሚለው ልዩነት ምሽቱን ይወስደዋል፣ የሰዓታቱ ጸሎት ደግሞ አያስፈልገውም። ንባብን በተመለከተ ከሲራክ፣ ከጥበብና ከባሮክ የሚነበበውን ወንጌላውያን በመጽሐፋቸው አያገኙትም፤ ለሠርክ ሁሉም የሚጋራቸውን መጻሕፍት ያዙ።

ነጻ ጸሎት የለመደ ሰው በምልጃው ላይ አሥር ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ለእሱ ጸሎት ማለት ይህ ስለሆነ ማሳፈር አይገባም። የአንድ ዓረፍተ ነገሩን ልክ ለሁሉም እኩል ጠብቁ፣ በሳምንት አንድ ምሽት ደግሞ ከመዝጊያው በኋላ ለነጻ ጸሎት ቦታ ክፈቱ። ምዕራፍ 20 በማኅበር የሚደረግ ጸሎት አጭር ይሁን ይላል፤ ምልክት ሲሰጥም ሁሉም አብሮ ይነሣ።

ወቅቶቹ

አንድ የቀን መቁጠሪያ ምረጡና የማኅበሩ መሠረት አድርጉት። ሁለቱን ቀላቅሎ መሄድ ግማሽ ጾምና ግማሽ በዓል ያደርጋል። ከዚህ በታች ያለው የምዕራቡን መሠረት ያደረገ ነው።

*አድቬንት* ገናን የሚቀድሙት አራት እሑዶች ናቸው፤ የመጀመሪያው በኅዳር 18 እና 24 መካከል ይውላል። ኦርቶዶክሶቹ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያትን ስለጀመሩ በመጠበቁ ላይ ቀድመዋችኋል። በክብ ጉንጉን ላይ አራት ሻማ ይቆማል፣ በየሳምንቱ አንድ ይጨመራል። ቀጭን ሻማ አትግዙ። በሰዓት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚነድ የመጀመሪያው ሻማ ገና ሳይደርስ ያልቃል። ውፍረቱ ቢያንስ 6 ሴንቲ ሜትር ይሁን።

ከታኅሣሥ 8 እስከ 14 (ከዲሴምበር 17 እስከ 23) ባሉት ሰባት ምሽቶች ከጸሎተ ማርያም በፊትና በኋላ ክርስቶስን በየስሙ የሚጠራ አጭር ልመና ይባላል። ስሞቹ በቅደም ተከተል፦ ጥበብ ሆይ፣ አዶናይ ሆይ፣ የእሴይ ሥር ሆይ፣ የዳዊት መክፈቻ ሆይ፣ የንጋት ብርሃን ሆይ፣ የአሕዛብ ንጉሥ ሆይ፣ አማኑኤል ሆይ። ለእያንዳንዱ ምሽት ካርድ ጻፉና ንባቡን አጣጥሙት፦ ኢሳይያስ 11፥2፤ ዘፀአት 3፥2፤ ኢሳይያስ 11፥10፤ ኢሳይያስ 22፥22፤ ኢሳይያስ 9፥2፤ ኤርምያስ 10፥7፤ ኢሳይያስ 7፥14። ከወቅቱ ሁሉ ውብ የሆነው ይህ ሳምንት ነው፤ ሌላ ነገር አትጨምሩበት።

*የክርስቲያኖች አንድነት የጸሎት ሳምንት* በሰሜኑ ንፍቀ ዓለም ከጃንዋሪ 18 እስከ 25፣ ከጥር 10 እስከ 17 ማለት ነው። ከተራና ጥምቀት በመካከሉ ይውላሉ። በስምንቱ ምሽቶች ምልጃውን በየተራ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ሰው ያዘጋጅ። በጥር 11 ምሽት ንባቡ የማቴዎስ 3፥13–17 ይሁን። የየዓመቱን የጸሎት ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ተለዋዋጭ ነው፤ የ2025 እ.ኤ.አ.ውን ያዘጋጀው በጣሊያን ያለው የቦዜ ገዳም ማኅበር ነበር።

*ዐቢይ ጾም*። በምዕራቡ ሥርዓት ሃሌ ሉያ ከጾሙ መጀመሪያ እስከ ፋሲካ አይባልም። መሪው እንዳይረሳ ከመጽሐፉ ላይ በወረቀት ሸፍኑት። ምዕራፍ 49 እያንዳንዱ ከለመደው ልክ በላይ በፈቃዱ፣ በመንፈስ ቅዱስ ደስታ አንድ ነገር እንዲያቀርብ፣ ያንንም ለአበ ምኔቱ እንዲያሳውቅ ይላል። በትንሽ ወረቀት ጽፎ ለማኅበሩ ኃላፊ መስጠት ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ አምስት ነገር የጻፈ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ሁሉንም ይተዋል። ምዕራፍ 48 በጾሙ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ አንድ መጽሐፍ እንዲሰጥ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ እንዲነበብ ያዛል። ዓርብ ዓርብ የሠርኩ የመጀመሪያ መዝሙር 50 ይሁን።

*ሕማማት*። በጸሎተ ሐሙስ ወይም በስቅለት ምሽት የጨለማውን ጸሎት ማድረግ ይቻላል፤ ጥንታዊው ሥርዓት 15 ሻማ አለው፣ ለትንሽ ማኅበር ሰባት ይበቃል። ከእያንዳንዱ መዝሙር በኋላ አንድ ሻማ ይጠፋል። የመጨረሻው ግን አይጠፋም፤ ከአትሮንሱ ጀርባ ይሸሸግና ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል። ሻማ በትንፋሽ አታጥፉ። በአፓርታማ ውስጥ የጭስ ማንቂያው ሊጮህ ይችላል፤ በብረት ክዳን አፍኑት።

*የትንሣኤ ዋዜማ* የሚጀመረው ሙሉ በሙሉ ከመሸ በኋላ ነው። እሳቱን ደጅ፣ በብረት ምጣድ ላይ አንድዱ፣ አንድ ባልዲ ውኃ አጠገቡ ይኑር። በትልቁ ሻማ ላይ መስቀል፣ አልፋና ዖሜጋ፣ የዓመቱ ቁጥር ይቀረጻል። ለአነስተኛ ማኅበር ዘፍጥረት 1፣ ዘፀአት 14፣ ሕዝቅኤል 36፣ ሮሜ 6 እና ወንጌሉ ይበቃሉ። ከእያንዳንዱ ብሉይ ንባብ በኋላ መዝሙርና ዝምታ ይኑር፤ 90 ደቂቃ ያዙለት። ዘፀአት 14 በፍጹም አይቀርም።

የሁለቱ ፋሲካ ቀን አለመግጠም ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2028 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ሚያዝያ 8 ቀን 2020 ዓ.ም. ይውላሉ። በ2027 ግን የምዕራቡ መጋቢት 19፣ የኦርቶዶክሱ ሚያዝያ 24 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። በምዕራቡ ፋሲካ ምሽት ኦርቶዶክሱ ጾሙን ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ጸሎቱን አብሮ ይጸልይ፤ ማዕዱ ላይ ግን ሽሮና ምስሩ በተለየ ድስት፣ በተለየ ጭልፋ፣ ቅቤ ሳይነካው ይቅረብለት። «ዛሬ ብቻ» ብሎ መለመን አይገባም። ቤኔዲክቶስ ሃሌ ሉያን ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሳይቋረጥ ስለሚያስብል፣ ሚያዝያ 24 ሲደርስ ማኅበሩ ገና በትንሣኤው ወቅት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ቀን እስከ ምዕራቡ ጰራቅሊጦስ ያሉት ሁለት ሳምንታት የሁሉም ፋሲካ ናቸው። ትልቁን የጋራ ማዕድ እዚያ አድርጉት።

ከጰራቅሊጦስ በኋላ ያለው ረጅም ወቅት ብዙ ማኅበር የሚበተንበት ነው፤ ክረምቱ ይገባል፣ ሰው ለዕረፍት ይሄዳል፣ በዓልም የለም። ሥርዓቱን አትለዋውጡ። ንባቡን አሳጥሩ፤ ደንቡም በአጭሩ የበጋ ሌሊት ንባቡን በጣም ይቀንሳል፣ መዝሙሩን ግን አይነካም። ሁለት ሰው ብቻ ከመጣ ሁለቱ ፊት ለፊት ይቀመጡና ሦስቱን መዝሙር እየተቀባበሉ ይድገሙ። አንድ ሰው ብቻ ከመጣ ሻማውን አብርቶ የሁለቱንም ረድፍ ቁጥር ብቻውን ይበል፣ ዝርዝሩ ላይም የደረሰበትን ምልክት አድርጎ ይተው።